ስድስተኛው ዘፈን ሲያልቅ

ሰርግ ቤት ጠሪው ብዙ ነው፤ ሙሽራዋን የሚወዳትን ሰው ግን ማንም አይጠራም። ሰላሕ ይመር ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰቆጣ ውስጥ በሐጂ እንድሪስ ግቢ፣ በፋኢዛ የኒካሕ ቀን ተጠርቶ፣ ሆዱ የተከፈተ አምፕሊፋየር ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

ወዶ አልመጣም። መንዙማው ሊጀመር ሲል ድምፁ ድንገት ጠፋ፤ የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከወልድያ ደርሰው በዳሱ ሥር ተደርድረዋል። በከተማው ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው እሱ ነው። መልእክተኛው ሲመጣ ሰላሕ ጀርባውን አዙሮ «ዛሬ አልሠራም» አለ። አባቱ ይመር ግን ከሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው መወርወሪያቸውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩት።

«ጎረቤት በደስታው ቀን ጠርቶህ አትቀርም፣ ልጄ። ሥራህን ሥራ፤ ዓይንህን ሰብረህ ግባ፣ ዓይንህን ሰብረህ ውጣ።»

ይመር የልጃቸውን ሆድ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ዓይንህን ያሉት።

የፋኢዛ ወንድም ከሪም ከጂዳ ለሰርጉ የመጣ ነው። ሰላሕን ከሴቶቹ ግርግር አርቆ ወደ ራሱ ክፍል አስገባውና «እዚህ ተረጋግተህ ሥራ» አለው። ከሪም ምን ያውቃል! ሰላሕ በዓለም ላይ መረጋጋት የማይችልበት አንድ ክፍል ቢኖር ያ ክፍል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ነው። አምና ከሪም ከጂዳ የላከው የጌም ማሽን ሲዲ አላነብ ብሎ ሰላሕ ተጠራ። ሌንሱን አጽድቶ ሲጨርስ ለሙከራ ብሎ ውስጡ የነበረውን ሲዲ ከፈተ። ጨዋታውን ያውቀዋል፤ ራሱም ከመቀሌ ገዝቶት በሱቁ ተማሪዎችን ያጫውትበታል። አንድ ከበሮ መቺ ልጅ አለ፤ ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች ትሄድበታለች። በዘፈኑ ምት ልክ ቁልፎቹን ከተጫኑለት ይደርስባታል፤ ምቱን ከሳቱበት ይወድቃል።

ሰላሕ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

«ጣትህ ይቸኩላል» አለች ከበሩ ላይ የቆመች ልጅ።

«እግሬ ግን አይቸኩልም» አላት ሳይዞር። እውነቱን ነው፤ ተረከዙ መሬቱን በልክ ይመታ ነበር፤ አባቱ የሸማውን መርገጫ ሲረግጡ እያየ ያደገ እግር ነው። ፋኢዛ እግሩን አየችውና ሳቀች። ዞሮ አያት። እንግዲህ ሌንስ ሊጠግን የገባ ሰው ተበላሽቶ ወጣ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሐጂ እንድሪስ ቤት ዕቃ መበላሸት አበዛ። አንቴናው ይዞራል፣ ቴፑ ክር ይበላል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት አክስቷ ፋጤ «ይኼ ቤት ዓይን ነካው» ይሉ ነበር። ዓይንስ መንካቱን ነክቶታል።

ግን በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ቆሞ ነበር። ሐጂ እንድሪስ ባለ ሱቅ፣ ባለ መኪና፣ ስማቸው እስከ ቆቦ የሚጠራ ነጋዴ ናቸው፤ ይመር ደግሞ ሸማኔ። የአገራችን ሰው ሸማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሸማኔውን ይንቃል፤ ያሳፍራል፣ ግን እንዲያ ነው። ሰላሕ ሽማግሌ ልኮ ከደጅ ቢመለስበት የሚዋረደው እሱ አልነበረም። አባቱ ናቸው። በቅዳሜ ገበያ ጋቢ ይዘው በቆሙ ቁጥር ሰው ከኋላቸው ይስቃል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት የልቧን ማወቅ ነበረበት።

አንድ ቀን አንቴና እያስተካከለ ሹክ አላት። «ሽማግሌ ብልክ፣ አባትሽ ሲጠይቁሽ እሺ ትያቸዋለሽ?»

ፋኢዛ አፏን ስትከፍት የአክስቷ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ ተሰማ። ፊቷ ቀላ፤ ቶሎ ብላ እንዲህ አለችው፦

«ያ ጌም አንተም ዘንድ አለ አይደል? ስድስተኛውን ዘፈን ጨርስ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ የምታደርገው የእኔ መልስ ነው።»

ሰላሕ ወደ ሱቁ እየሮጠ ሄደ ቢባል ውሸት አይደለም። ጀነሬተሩን አስነስቶ ተቀመጠ። ስድስተኛው ዘፈን እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ምቱ ይሰበራል፣ ይዘገያል፣ መልሶ ይጋልባል። ቀናት ፈጀበት። በመጨረሻ ከበሮ መቺው የመጨረሻውን ጣሪያ ዘሎ ደረሰ። ልጅቷ አንድ በር ላይ ቆማለች። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ገባች። በሩን ዘጋችው።

ስክሪኑ ጨለመ፤ ስሞች በባዕድ ፊደል ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ሰላሕ ምናልባት ሌላ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ እስከ መጨረሻው አነበባቸው። ምንም አልመጣም። ማሽኑን አጥፍቶ ተነሣ።

ሄዶ አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቃታል? የሸማኔ ልጅ ኩራት የለውም ያለው ማነው! ስትመጣ ካየ መንገድ ይሻገራል፤ የቤታቸው ቴፕ ሲበላሽ «ዕቃው የለኝም» ይላል። ፋኢዛ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ሽማግሌ መጣ እያለች ልቧ ይቆም ነበር። የተላከ አልመጣም። መንገድ ሲሻገርባት ስታይ ገባት፤ ማለት የገባት መሰላት። ጠይቋት፣ መልሱን ሰምቶ፣ ፈርቶ ጥሏታል። የወልድያው ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ አባቷ «ምን ትያለሽ?» ሲሏት አንገቷን ደፋች። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ዝም ካለች እሺ አለች ነው። ሰላሕ መንገድ ከተሻገረባት ቀን ጀምሮ ለማንም መልስ የመስጠት ፍላጎት አልነበራትም።

አሁን ሰላሕ ከዚያው ክፍል ወለል ላይ ነው። ከሪም የሰርጉ ወከባ ሰልችቶት ጆይስቲኩን አንስቷል። ሰላሕ አላየም። አባቱ እንዳሉት ዓይኑን ሰብሮ የተበጠሰውን ሽቦ ይፈልጋል። ጆሮን ግን መስበር አይቻልም፤ ዘፈኑን ሲሰማው አወቀው። ስድስተኛው ነው። ሳያስበው ተረከዙ መምታት ጀመረ።

«አንተ፣ ምቱን ታውቀዋለህ!» አለ ከሪም እየሳቀ።

ሰላሕ ሽቦውን መፈለጉን ቀጠለ። ዘፈኑ አለቀ። የበሩን መዘጋት ድምፅ ጠበቀ፤ ያቺን ድምፅ በሕልሙ ሳይቀር ያውቃታል። ድምፁ አልመጣም። በምትኩ ሰምቶት የማያውቀው ቀስ ያለ ዜማ ጀመረ። ሰላሕ ቀና አለ።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ተመልሳ እየመጣች ነበር። ቀይ ሻሿን ከራሷ ፈታች። የከበሮ መቺውን እጅ ያዘችና ሻሹን አንጓው ላይ አሰረችለት። ከዚያ እጁን ሳትለቅ ይዛው ገባች፤ በሩ ክፍት ቀረ።

የቀለጠ ስታኞ፣ የመበየጃው እርሳስ፣ ከብየዳው ብረት ተንጠባጥቦ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ሱሪው ጨሰ፤ ሰላሕ አልተሰማውም።

«ይህ ምንድነው?» አለ።

«መጨረሻው ነዋ።»

«ውሸት! መጨረሻው እንዲህ አይደለም። በሩን ትዘጋለች። ገብታ ትዘጋለች!»

ከሪም የሰውዬው ፊት እንዲህ መገርጣቱ አስደንግጦት ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «ምን ሆንክ? በሩን ከዘጋች ያንተ ሌላው ነው እኮ። እሱ ለአውሮፓ የወጣው ነው፤ ይኼ የጃፓኑ። አንድ ጌም ሆኖ አንድ አይደለም። ሦስተኛው ዘፈን ሌላ ነው። እዚህ የጌሙ ሽማግሌ ሩዝ ይበላል፣ እዚያ ዳቦ አድርገውታል። መጨረሻዋን ደግሞ ቆረጧት።»

«ለምን?»

«ምን አውቄ! ጂዳ ሲዲ የሚያባዛ የመናዊ ጓደኛ አለኝ፤ የአውሮፓውን በኮምፒውተር ከፍቶ አሳየኝ። የሚገርመው እኮ አላጠፏትም፤ ሻሹን ስትፈታ ሥዕሉም ዜማውም ሲዲው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጨዋታው አይጠራውም እንጂ አለ። መንገዱን ብቻ ነው የዘጉት።»

«በእኔም ሲዲ ውስጥ?»

«ባንተም ውስጥ አለ።»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። መልሱ ከእጁ ላይ ነበር፤ ተማሪዎች በየቀኑ እያስገቡ ሲያስወጡት ነበር።

«ፋኢዛስ» አለ ሰላሕ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነበት፤ «ሌላ ዓይነት እንዳለ ታውቃለች?»

«እሷ? ከዚህ ሌላ ሲዲ የት አይታ! ይቺን መጨረሻማ ደጋግማ ትጫወት ነበር አሉኝ፤ ፋጤ በስልክ አቤቱታ አሰሙብኝ። ከዚያ አንድ ቀን ተወችው፤ ዳግመኛ አልነካችውም።» ከሪም ከውጭ ሲጠሩት ተነሣ። «ቶሎ በልልኝ፣ ሰላሕ፤ አባዬ ተቆጥተዋል።»

ሰላሕ ብቻውን ቀረ። እሺ ብላው ነበር። እሺ ብላው፣ እሱ መንገድ ተሻገረባት። ሽቦውን ለመበየድ ክርኑን ወለሉ ላይ አስደገፈ። ከግድግዳው ማዶ የሴቶች እልልታ ይሰማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለት ሽማግሎች ከፋኢዛ ክፍል ይገባሉ፤ አባቷን ለኒካሑ ወክላ እንደሆነ ይጠይቋታል፤ እሷ ዝም ትላለች፤ አለቀ። የጣላት መስሏት ነው የምትሄደው። መሄዷን ሊያስቀር አላሰበም፤ ያን ለማሰብ እንኳ ድፍረት አልነበረውም። ሳታውቅ መሄዷን ግን ሊሸከመው አልቻለም።

«ሰላሕ!» አሉ ፋጤ በሩን ገፋ አድርገው። «ኧረ በአላህ! ሽማግሎቹ ተነሥተዋል፤ ይኼ ነገር ዛሬ ይናገራል ወይስ አይናገርም?»

«ይናገራል፣ እትዬ ፋጤ» አለ ሰላሕ፤ አምፕሊፋየሩን ገጥሞ ማይኩን ሰካ።

ፋኢዛ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ እጇ ላይ የደረቀውን ሂና እየፈገፈገች ነበር። ጓደኞቿ ይዘፍናሉ፤ እሷ የምትሰማው የራሷን ትንፋሽ ነው። ስፒከሩ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ድንገት ተንኮሻኮሸ።

«ሀሎ... አንድ፣ ሁለት...»

የሰላሕን ድምፅ ስትሰማ ቀና አለች። ማን ጠራው? በዚህ ቀን፣ በዚህ ቤት!

«አንድ፣ ሁለት... በእኔ ሲዲ ላይ ልጅቷ በሩን ዘግታ ነው የገባችው።»

ዳሱ ውስጥ ሰው ሳቀ። አንዱ «ጠጋኛችን ዛሬ ምን ነካው?» ሲል ተሰማ። ድምፁ መልሶ መጣ፤ አሁን እየተሰበረ።

«የእናንተን ገና አሁን አየሁት። የእኔ የመቀሌው ነው፤ መጨረሻውን ቆርጠውታል። ሻሿን ስትፈታ አላየሁም። ወላሂ አላየሁም። በሩ ሲዘጋ ነው ያየሁት... ማይኩ ይሠራል። ጨርሻለሁ።»

መንዙማው ጀመረ፤ እልልታው ደመቀ። ፋኢዛ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። መጀመሪያ ቃሎቹ አልገቧትም፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ገቧት። የተዘጋ በር። እሱ ያየው የተዘጋ በር ነው! አልፈራም ነበር፤ አልጣላትም ነበር፤ በራሷ አፍ በላከችው መልስ ራሷ አባርራዋለች። ጩኸት ይሁን ሳቅ ሊያመልጣት ሲል መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

መጋረጃው ተገለጠ። ሼህ አደም፣ የመንደሩ አንጋፋ ሽማግሌ፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር ገቡ፤ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ሼሁ ስንት ሙሽራ ጠይቀዋል፤ ስንቷ ዝም ብላቸዋለች! መልስ ሳይጠብቁ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እያዞሩ ነው የሚጠይቁት ማለት ይቀላል።

«ልጄ ፋኢዛ፣ አባትሽ በአንቺ ምትክ ቆመው እንዲያጋቡሽ ወክለሻቸዋል?»

ፋኢዛ አንገቷን ደፋች። ሼህ አደም «ማሻአላህ» ብለው ወደ በሩ ዞሩ።

«አልወከልኩም» አለች።

ሼሁ ከቆሙበት ቀሩ። ፋጤ «ያ ረቢ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

«አልሰማሁም፣ ልጄ?»

«አልወከልኩም፣ ሼህ። ይቅር ይበሉኝ። ወልድያ አልሄድም።» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጠንክሮ ወጣ፤ ራሷም ደነገጠች።

የሰርግ ቤት ወሬ ከእሳት ይፈጥናል። መንዙማው መሐል ላይ ተቋረጠ። ሐጂ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ገቡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ምን አጎደልኩብሽ?» አሉ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ምን አጎደልኩብሽ፣ ፋኢዛ? ዳሱ ውስጥ ያለውን ሰው አላየሽም? ዛሬ እንዴት አድርጌ ቀና እላለሁ?»

«ምንም አላጎደሉብኝም፣ አባዬ» አለች እያለቀሰች። «ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም። ተስፋ ቆርጬ ነው።»

«በማን?»

መልስ ሳትሰጥ ከኋላቸው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰላሕ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተበሥቷል፤ እጁ ላይ ገና ሽቦ አለ። ለማምለጥ ጊዜ ነበረው፤ የግቢው በር ክፍት ነበር።

«በእኔ፣ ሐጂ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የልቧን ነግራኝ ነበር፤ እኔ እንቢ ያለችኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። አሁን እየጠየቅኩ ነው። ልጅዎን ይስጡኝ።»

ሐጂ እንድሪስ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሰው እንዲህ ነው ልጅ የሚጠይቀው? እንደ ዕቃ ከበር ላይ? ሽማግሌህ የታለ? የሸማኔ ልጅ ስለሆንክ ወግ የለህም?»

ሰላሕ ሲፈራው የኖረው ቃል ይኸው መጣ፤ በፋኢዛ ፊት፣ በከተማው ፊት መጣ። አልሞተም። «ወግማ አለኝ፣ ሐጂ» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ እንዲዋረድብኝ ስለፈራሁ ነው ያልላክሁት። እርስዎ ለብሰውት የቆሙት ጋቢ የአባቴ እጅ ነው። ሽማግሌ ግን፣ እውነት ነው፣ የለኝም።»

«አለው» አሉ ሼህ አደም።

ሁሉም ዞሩ። ሽማግሌው መጋረጃውን ይዘው እንደ ቆሙ ነበሩ፤ እሳቸውም ያሉትን ከአፋቸው ሲወጣ የሰሙት ይመስሉ ነበር።

«እንድሪስ፣ ዕድሜ ልኬን ልጃገረዶችን ስጠይቅ ኖርሁ» አሉ። «ዛሬ ነው አንዷ የመለሰችልኝ። ስንቷ ዝም ያለችው እንደዚህች አልቅሳ ይሆን ብዬ ደነገጥሁ። ዛሬ አይደለም፤ ዛሬ ቤትህ ሐዘን ላይ ነው፤ የወልድያን ሰዎች በክብር ሸኝ። ልጁ ሽማግሌ የለውም ግን አትበል። እኔ አለሁ። እመጣብሃለሁ።»

ሐጂ እንድሪስ እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ለእንግዶቹ የሚናገሩትን እየፈለጉ ወደ ዳሱ ወጡ፤ ሼሁም ብቻቸውን ላለመተው ተከተሏቸው።

ፋጤ በሩ ላይ ቀሩ። ማልቀስም መቆጣትም አምሯቸው ሁለቱንም አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ፈቃድ ነበር።

ሰላሕና ፋኢዛ ተያዩ። ሰላሕ ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ወይ ታለቅሳለች ብሎ። እሷ ግን ቆጣ ብላ ተነሥታ፣ ሂና የነካ እጇን ወደሱ ጠቆመች።

«መጥተህ ለምን አልጠየቅኸኝም? አንዲት ቃል! 'ፋኢዛ፣ ለምን?' ብትለኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? እኔ ማታ ማታ ምን ሠርቼው ነው እያልኩ...»

«ፈራሁ።»

«እኔስ? እኔ ብረት ነኝ?»

«አንቺ ዛሬ አልፈራሽም።»

«ሞቼ ነበር እኮ!» አለች። «አሁንም ይኸው፣ እይ፣ መቆም አልቻልኩም።» እውነትም ተቀመጠች። ሰላሕ ሊደግፋት አንድ እርምጃ ሄደና ፋጤን አስታውሶ ቆመ፤ እጁን ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ከዳሱ የሐጂ እንድሪስ ድምፅ ይሰማል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ አባት ድምፅ ነው። ፋኢዛ ያን ድምፅ እየሰማች ስለ አባቷ አምርራ አለቀሰች፤ ከለቅሶዋ መሐል ግን ቀና ብላ ሰላሕ እዚያው መቆሙን አየች፤ እንደዚያ ቀን በሕይወቷ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር።